በይሉኝታ የተሞላ ዓምድ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ። «የመረጃ ጥራት ኃላፊ ነኝ» ስል ኮምፒውተር የምጠግን የሚመስለው አለ፤ ወዲያው የተሰበረ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል። የቦሳ ኪቶ ሰፈር ጎረቤቶቼ «ልያ ቡና ቢሮ ናት» ብለው ይገላገላሉ። እናቴ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ለሴቶች ኅብረት «ልጄ የሰው ስህተት እየፈለገች ደመወዝ ትበላለች» ብላ ተናግራለች። ከሁሉም የእሷ ለእውነቱ ይቀርባል።

የምሠራው ጅማ ውስጥ፣ ከሒርማታ ገበያ ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ ቡና ከገበሬ ተቀብሎ፣ አድርቆ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ነው። ባለቤቱ ሐጂ አብዱልሃዲ ናቸው። ሐጂ ቡናውን በእጃቸው ዘገን አድርገው የየት አገር እንደሆነ ይናገራሉ። እኔ ደግሞ ስለ ቡናው የተጻፈውን እጠብቃለሁ፤ ማን አመጣው፣ ከየትኛው መሬት፣ መቼ፣ ምን ያህል። የምጣላውም በዚሁ ነው። አንድ ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቻውን ተገትሮ ሳይ ደሜ ይፈላል። ገበያ ስወጣ በርበሬ የምትሸጥልኝን ሴት መጀመሪያ የምጠይቃት ዋጋውን ሳይሆን በየትኛው ጣሳ እንደምትሰፍር ነው፤ የሰርቦ ጣሳና የሒርማታ ጣሳ አንድ አይደለምና። ቢሮም ውስጥ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ይህን ቁጥር ማን ተናገረው? ማን ጻፈው? ቆጥሮ ነው ገምቶ? የሙያው ሰዎች ሜታዳታ ይሉታል፣ ስለ መረጃው የሚያስረዳ መረጃ ማለት ነው። ሐጂ ግን «የልያ ነገር» ነው የሚሉት።

«ሐጂ፣ እያንዳንዱ የሰንጠረዥ ዓምድ ምን እንደያዘና ከየት እንደተገኘ የሚገልጽ ጽሑፍ ያስፈልገናል» እላቸዋለሁ።

«ልጄ፣ ቡናው ከየት እንደተገኘ ሁላችንም እናውቃለን» ይሉኛል።

አብረን ስንሠራ ይህን ክርክር ያልተከራከርንበት ዓመት የለም። እሳቸውም አልሰለቹ፣ እኔም አልሰለቸሁ።

በጥቅምት መጀመሪያ፣ እሸት ቡና መቅላት ሲጀምር፣ የውጭ ገዢያችን አዲስ ማጣሪያ ላከልን። አንድ ገበሬ ባለፈው ዓመት ያስረከበው ቡና ካለው የቡና እግር፣ ማለትም ዛፍ፣ ሊለቀም ከሚችለው በላይ ከሆነ፣ ስሙ በኮምፒውተሩ ላይ ቀይ ይሆናል። የሌላ ሰው ቡና በራሱ ስም አስገብቷል ማለት ነው። ስሙ የቀላ ገበሬ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም የቡና መረከቢያ ጣቢያችን ቡናውን አይቀበለውም። ዝርዝሩን አጣርተን ዓርብ መላክ ነበረብን።

ማጣሪያውን በሰርቦ አካባቢ ገበሬዎች ላይ አስኬድኩት። ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ፣ ከአንድ ሰው በቀር። ከአዴ ሐጂራ።

አዴ ሐጂራን የማያውቅ የድርጅታችን ሠራተኛ የለም፤ አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው። ከሰርቦ ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ጣቢያችን ከተከፈተ ጀምሮ ቡናቸውን ለእኛ ነው የሚያመጡት። የእሳቸው እሸት ሲደርስ ለቃሚዎቹ ሴቶች ፊታቸው ይፈታል፣ የሚመርጡት አረንጓዴ ፍሬ የለበትማ። ሐጂ እንግዳ ሲመጣባቸው ይዘውት የሚሄዱት የእሳቸው ቡና ወደተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ ነው። እኚህ ሴት ናቸው እንግዲህ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሌባ ሆነው የተገኙት።

ለሐጂ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

«ስንት እግር ይላል?»

«መቶ።»

«መቶ እግር እኮ ጓሮ ነው! ሺህ ብለሽ ጻፊና ይለቅ።»

«ሺው ከየት መጣ?»

«ከእኔ።»

«እርስዎ መሬታቸውን ረግጠውት ያውቃሉ?»

አልረገጡትም። ትንሽ አሰቡና ሌላው መንገድ ስማቸውን ማውጣት እንደሆነ፣ ለአንድ ሰው ብለው የሺህ ሰው ቡና ማስቀረት እንደማይችሉ ነገሩኝ። ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ሲሉም ወደ እኔ አላዩም። ለእኔ ግን ሁለቱም አልዋጥልሽ አሉኝ። ያላየሁትን ቁጥር መጻፍ ውሸት ነው፤ በማላምነው ቁጥር ሴትዮዋን ማባረር ደግሞ ግፍ ነው። «ሰርቦ ሄጄ አያለሁ» አልኳቸው። ሐጂ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ እንዳሻሽ ማለታቸው ነው።

በማግስቱ ከፋሂም ጋር በድርጅቱ ፒካፕ ወጣን። ፋሂም የሰርቦ አካባቢ መዝጋቢያችን ነው። በክረምቱ ከቤት ቤት እየዞረ የገበሬዎቹን ስም፣ መሬትና የቡና እግር በታብሌት የመዘገበው እሱ ነው። ተወላጅም ነው፤ የአዴ ሐጂራ ጎረቤት ሆኖ ያደገ፣ ሰው የሚወደው፣ ቀልደኛ ልጅ። እኔም እወደዋለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ልቤ ነድዷል።

«አዴ ሐጂራ ስንት እግር ቡና አለኝ ብለው ነገሩህ?»

«ጥኖ አሉኝ» አለ። በኦሮምኛ ጥቂት ማለት ነው።

«ጥቂት እኮ ቁጥር አይደለም።»

«እኔስ መች ጠፋኝ? ታብሌቱ ያለ ቁጥር አላሳልፍ ሲለኝ ነው መቶ ያልኩት።»

«ደግመህ አልጠየቅካቸውም?»

ዞር ብሎ አየኝ፣ ነውር የተናገርኩ ይመስል። «ልያ፣ አዮ እኮ ናቸው! እናቴ ናቸው ማለት ነው። በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝን ሴትዮ፣ አላህ የሰጠዎት ስንት ነው፣ ስንት ነው እያልኩ ላፋጥጣቸው? ዓይን ሊያበላቸው መጣ ነው የሚባለው። ሰው ምን ይለኛል?»

«ሌሎቹንስ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩና የሰርቦን ዓምድ ወደ ታች ተከተልኩት። መቶ። መቶ። መቶ። መቶ። አልፎ አልፎ መቶ ሃምሳ አለ።

«እነዚህ መቶ ሃምሳዎቹ እነማን ናቸው?»

«እነሱ እንኳን» አለ አንገቱን እያሻሸ፣ «ትንሽ ሀብታም ናቸው።»

ሹፌሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ባዶ ሳጥን ቢሆን ኖሮ ገና በክረምቱ እይዘው ነበር፤ ባዶ ነገር ከሩቅ ይታየኛል። ይህ ግን ሞልቷል፣ ቁጥር ነው፣ ንጹሕ ነው። ሙሉው ዓምድ ይሉኝታ ነበር። ገበሬው ጥቂት ነው ይላል፣ መዝጋቢው አፍሮ ደግሞ አይጠይቅም፣ ታብሌቱ ቁጥር ይፈልጋል፣ ሦስቱም ተስማምተው መቶ ይሆናል። ያለ ክፋት የተሠራ ስህተት ደግሞ ከሁሉ ያናድደኛል፣ የምጮህበት ሰው ስለማላገኝ።

«ቆይ» አልኩት ትንሽ ቆይቼ፣ «ሁሉም መቶ ከተባሉ ለምን እሳቸው ብቻ ቀሉ?»

«ሌሎቹ እኮ ግማሹን በር ድረስ ለሚመጣው ነጋዴ ይሸጣሉ። ብሩን እዚያው ይቆጥርላቸዋላ። ለእኛ የሚያመጡት የተረፈውን ነው። አዮ ግን አንድ ፍሬ ለሌላ አይሰጡም። ጣቢያው ሲከፈት በስብሰባው ላይ ቃል ገብተዋል።»

ይህን ስሰማ የተሰማኝን በትክክል ልናገር፤ አፈርኩ። በማጣሪያው ሳይሆን በራሴ ሥራ። ቃላቸውን የጠበቁት አንዲት ሴት ሌባ ተብለው፣ ሌላው ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ ተቀምጧል። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

አዴ ሐጂራ ከቤታቸው ደጅ ተቀበሉን። ረጅምና ቀጭን ሴት ናቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ሰላምታው እንደ ወጉ ነው የተካሄደው፤ የእኔ እናት፣ የሐጂ ጤና፣ የፋሂም ሚስት፣ የመንገዱ ነገር ተጠየቀ። የተቀቀለ የበቆሎ እሸት ቀረበልን። ሳንበላ ወሬ አይጀመርም። ወሬያችንም እንደ ጅማ ሰው ሁሉ ኦሮምኛና አማርኛ የተደባለቀበት ነበር።

«አዴ ሐጂራ፣ የመጣሁት የቡናዎትን እግር ልጠይቅዎ ነው» አልኳቸው በመጨረሻ።

«ጥኖ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

«አውቃለሁ። ግን ቁጥሩን ነው የፈለግኩት። ከፈቀዱልኝ ከፋሂም ጋር ገብተን እንቁጠረው።»

ፋሂም በቆሎው ላይ አቀረቀረ። አዴ ሐጂራ አልተቆጡም። የሻሻቸውን ጫፍ አስተካክለው ቀስ ብለው አጫወቱኝ።

«ባለቤቴ ሀምዳን፣ አላህ ይርሐመው፣ አንድ ዓመት ሰርግ ቤት ተቀምጦ ይህን ያህል እግር ቡና አለኝ ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። ቆጥሮት ነበር። በዚያው ዓመት ፍሬው ዛፉ ላይ እንዳለ ጠቆረ። የጎረቤት ቡና ደህና ሆኖ የእኛው ብቻ። በዚያ ምክንያት ነው አልልም፣ አላህ ነው የሚያውቀው። ግን ከዚያ ወዲህ ተቆጥሮ አያውቅም። እኔም አልቆጥረው፣ ልጆቼም አይቆጥሩት።»

በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለው ፍርሃት በጸሎት የሚገሠጽ ነው፤ እኔም የሰው ዓይን ይበላል በሚለው አላምንም። ግን ጅማ ተወልጄ አድጌ እንዲህ ያለውን ነገር መናቅ አልችልበትም። ሌላ መላ ሲጠፋኝ እውነቱን አወጣሁት።

«አዴ ሐጂራ፣ መዝገቡ ላይ መቶ እግር ተብሎ ተጽፏል። ባለፈው ዓመት ያመጡት ቡና ግን ከመቶ እግር የሚገኝ አይደለም። የውጭ ሰዎቹ የሌላ ሰው ቡና በስምዎ ያስገባሉ ብለው ነው የሚያስቡት። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ስምዎ ከዝርዝሩ ይወጣል።»

ፋሂምን አዩት፣ ቀጥሎ እኔን።

«እኔ? የሰው ቡና?»

«እኔ አላምንም» አልኩ።

«እኔ ሐጂራ የሰው ቡና ወስጄ?» አሉ እንደገና፣ ለራሳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ግን አልፈሰሰም። ፋሂም «አዮ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

አዴ ሐጂራ ብድግ አሉ። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩና፣ ምንም ሳይናገሩ በጓሮ በኩል ወደ ቡናው ገቡ። ተከተልናቸው። ከትልቅ ዋንዛ ሥር ካለው የመጀመሪያው ቡና ደረሱና መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ።

«ቢስሚላህ። ቶኮ» አሉ፤ አንድ።

ወደሚቀጥለው ሄዱ። «ለማ።»

ፋሂም ከኋላቸው «ማሻ አላህ» ይላል፣ በየቁጥሩ፣ በሹክሹክታ። እኔ ታብሌቱን ከፍቼ ቆሜያለሁ። «ሰዲ። አፉር።» እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ባለሙያ ከሆነ እንዲህ ያለ መረጃ በሥራ ዘመኔ አግኝቼ አላውቅም። የቡናው ባለቤት ራሷ፣ በምስክር ፊት፣ አንድ በአንድ እየነካች ቆጥራ የምትሰጠው ቁጥር። ለየዓምዱ ባወጣሁት የጥራት ደረጃ ከላይ የተቀመጠው ይኼ ነው። «ሸን። ጀኣ።»

ሰባተኛው ላይ ያሳረፉትን መዳፍ አላነሱትም፤ ግንዱን አጥብቀው ያዙት። «ቶርባ» አሉ። ስማቸውን ለማዳን ቡናቸውን እየሰጡ ነበር፤ እሳቸው የሚያውቁት እንደዚያ ነው። የእኔ እምነት ምን እንደሆነ ለዚያ እጅ ምን ይጠቅመዋል? ከዚያ እጅ ቁጥር መቀበል አቃተኝ።

«ይበቃል፣ አዴ ሐጂራ» አልኳቸው። «ይተዉት።»

«ስሜስ?»

«ሌላ መንገድ አለ። መሬቱን ብለካስ? ዛፉን ሳይሆን መሬቱን።»

ፊታቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። «መሬት ይለካል» አሉ። «መንግሥትም ለክቶ ነው ወረቀት የሰጠኝ። መሬት ዓይን አይፈራም።»

ድንበሩን እሳቸው እየመሩን፣ እኔ ስልኬን ይዤ ዙሪያውን ሄድኩ። የሄድኩበትን መስመር ስልኩ ራሱ ይስላል፣ ስፋቱንም ያወጣል። ፋሂም ከአንዱ እግር ቡና እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት በተለያየ ቦታ በሜትር ለካ። የተቀረው ስሌት ነው። ስሌቱን ስሠራ ጀርባዬን ሰጠኋቸው፤ ቁጥሩ ሲወጣም በአፌ አልጠራሁትም፣ ለፋሂምም አላሳየሁትም። ያስረከቡት ቡና ከዚያ መሬት ሊለቀም የሚችል ነው፤ እንዲያውም በደንብ።

«ስሜ ነጻ?» አሉኝ ከኋላዬ።

«ከእኔ በኩል ነጻ ነው» አልኳቸው። የቀረውን ቃል መግባት አልቻልኩም፣ በግምት የተገኘ ቁጥር ገዢው ይቀበል አይቀበል አላውቅምና።

ጅማ ስመለስ አዲስ ዓምድ ጨመርኩ። ስሙን «በምን ታወቀ» አልኩት። በአዴ ሐጂራ ረድፍ ላይ «ከመሬቱ ስፋት የተገመተ» ብዬ ጻፍኩ። ለሌሎቹ የሰርቦ ገበሬዎች ሁሉ «ያልተጠየቀ» ብዬ ሞላሁ። መቶዎቹን አላጠፋኋቸውም፤ ምን እንደሆኑ ብቻ አጠገባቸው ተናገርኩ። ዓርብ ጠዋት ለሐጂ አቀረብኩላቸው።

«ያልተጠየቀ፣ ያልተጠየቀ፣ ያልተጠየቀ» እያሉ ወረዱ። «ይሄን ይዘሽ ለፈረንጅ ልትልኪ ነው?»

«እውነቱ ነው፣ ሐጂ።»

«እሺ ሐጂራስ? እዚያ ድረስ ሄደሽ ግምት ይዘሽ መጣሽ? ለምን አላስቆጠርሽም?»

«መቁጠር ጀምረው ነበር። እኔ ነኝ ያስቆምኳቸው።»

ለምን ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቁም። ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ።

«እኔ ስንት ልጆች እንዳሉኝ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

አሰብኩ። ትልቁን ልጃቸውን አውቀዋለሁ፣ ሴቷን በዓል ሲሆን አያታለሁ። «አላውቅም፣ ሐጂ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ሠርተን?»

«ጠይቄዎት አላውቅም።»

«አዎ፣ አልጠየቅሽኝም፤ ልጅም እንደ ቡናው አይቆጠርም» አሉና ሳቁ፣ ሆዳቸው እስኪንቀሳቀስ። ከዚያ ተነሥተው ለጁምዓ ኮፊያቸውን አደረጉ። «ላኪው። እንዳለ ላኪው።»

የገዢው መልስ እስኪመጣ በደንብ አልተኛሁም። ሲመጣ አጭር ነበር። ግምቱ እንዴት እንደተሠራ ስለተገለጸ ተቀብለውታል፤ የተቀረው የሰርቦ መሬትም በዚሁ ዘዴ እንዲለካ ጠይቀዋል። የአዴ ሐጂራ ስም አረንጓዴ ሆነ። ፋሂም ያን ሁሉ ድንበር በእግሩ ሊዞር መሆኑ ሲነገረው «ከመጠየቅ ይሻላል» ብሎ ጫማ ሊገዛ ሄደ።

ኅዳር ላይ ለሥራ ወደ ሰርቦ ጣቢያ ሄጄ ሚዛኑ አጠገብ አገኘኋቸው። እሸታቸው ተመዝኖ ወደ አልጋው እየተወሰደ ነበር። ሰላም ተባባልን፤ የእናቴ ጤና ተጠየቀ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ከሰው ለየት አደረጉኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እንዳትስቂብኝ።»

«አልስቅም።»

«ያን ቀን የቆጠርኳቸው፣ ሰባቱ፣ በየጠዋቱ አያቸዋለሁ። ከሱብሒ ሰላት በኋላ ሄጄ ቅጠላቸውን አገላብጣለሁ። ሌላውን ትቼ መጀመሪያ እነሱን።»

ለስማቸው ብለው የከፈሉት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አረንጓዴ ሆነዋል ብዬ ነገሩን ዘግቼው ነበር፤ እሳቸው ግን ዛሬም አልተኙም።

«ደህና ናቸው?» አልኳቸው። በዓይን የማላምነው እኔ፣ መልሱን እስኪሰጡኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

«ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉና ፊቴን አዩት። «አንቺም ታስቢያቸዋለሽ እንዴ?»

«አስባቸዋለሁ» አልኩ።